ሞኖን ያየሁት በበር ትኬት ነው

ጃፓን የምትኖሩና የሞኖን ሙዚቃ የምትወዱ አበሾች ካላችሁ፣ እኔ ያየሁትን አበሳ እንዳታዩ ብዬ ነው የምጽፈው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

ለማያውቃቸው፣ ሞኖ በ1999 ቶኪዮ ላይ የተመሠረተ ባንድ ነው። ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ድራም፤ ዘፋኝ የለም። አንዱ ሙዚቃ አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። በጭንቅ በሚሰማ የጊታር ዜማ ይጀምርና እየተደራረበ፣ እየከበደ ሄዶ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ይሆናል። ብዙዎች ከመጀመሪያው አልበም ጀምሩ ይላሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። በ2009 የወጣውን፣ አሜሪካዊው የድምፅ ቀረጻ ባለሙያ ስቲቭ አልቢኒ ቺካጎ ላይ ከነኦርኬስትራው የቀዳላቸውን «ሂም ቱ ዚ ኢሞርታል ዊንድ» አስቀድሙ። እኛ ዘንድ ያለ ዘፋኝ የሚሄድ ሙዚቃ የሚከፈተው ሰው ምሳ እየበላ፣ እየተጫወተ ነው። ሞኖን እንደዚያ ከከፈታችሁት ባይከፈት ይሻላል፤ ቁጭ ብላችሁ ከዳር እስከ ዳር ስሙት።

ወደ ትኬቱ ልምጣ። ትኬት የሚሸጠው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ አባል ትሆናላችሁ፣ ለትኬቱ ዕጣ ትገባላችሁ፣ ከወጣላችሁ ሠፈር ያለው ኮንቢኒ (ሌት ተቀን ክፍት የሆነ ትንሽ ሱቅ) ሄዳችሁ ትከፍላላችሁ። አባል ሆንኩ፣ ዕጣው ወጣልኝ፣ እስከዚህ ሰላም ነበር።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። የመክፈያ ቁጥሩን ከማየቴ በፊት ስልክህን አረጋግጥ ተባልኩ። ማረጋገጫው ኮድ መቀበል አይደለም፤ በራስ ስልክ ወደ እነሱ መደወል ነው። የኔ ሲም ዳታ ብቻ ነው፣ ኢንተርኔት እንጂ ስልክ አያስደውልም፤ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ተማሪ የሚይዘው እሱን ነው። በኢንተርኔት የሚሠራ፣ በ050 የሚጀምር ቁጥርም ነበረኝ፤ አይቀበልም፤ 070፣ 080 ወይም 090 ካልሆነ። ሲም ቀይሬ ስመለስ ደግሞ ስሜ እንቢ አለ። የመኖሪያ ካርዴ ላይ የአያቴ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ፊት መጥቷል፣ የኔና የአባቴ ከኋላ ተከትለዋል፣ ሁሉም በላቲን ፊደል። ቅጹ የሚፈልገው ካታካና፣ ማለትም ጃፓኖች የውጭ ስም የሚጽፉበትን ፊደል ነው። ሦስቱን ስሞች ስጽፍ ሳጥኑ አይበቃም፤ ሳሳጥረው «መታወቂያዎ ላይ እንዳለው ያስገቡ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ልጅ እጅግ ትሑት ናት፤ ይቅርታ እየጠየቀች ያንኑ ቀይ ጽሑፍ አነበበችልኝ። ኢሜይል ጻፍኩ፤ የጥያቄና መልስ ገጹን ይመልከቱ አሉኝ። ገጹ ላይ ስለ እንደኔ ዓይነት ስም አንድም ቃል የለም። በዚህ መሀል የመክፈያው ሰዓት አለፈና ትኬቱ ተሰረዘ።

ትኬት አየር በአየር መቸርቸርን የሚከለክል ሕግ ጃፓን ውስጥ ከ2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ቁጥጥሩም የጠበቀው ለዚሁ ነው። ሕጉን እደግፋለሁ። ግን አየር በአየር ነጋዴ ስልክም ስምም አያጣም፤ ወጥመዱ ውስጥ የሚቀረው ለራሱ አንዲት ትኬት የፈለገ ሰው ነው።

ሻጩ አስቀድመው ካልያዙ አያገኙም ይላል። አትስሙት። አዳራሹ ካልሞላ በዕለቱ በር ላይ «ቶጂትሱኬን»፣ የዕለቱ ትኬት ማለት ነው፣ ይሸጣል፤ ባንዱም ሆነ አዳራሹ አስቀድመው ያስታውቃሉ። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ለመጠጥ ተብሎ በር ላይ 600 የን ገደማ ለብቻው ይከፈላል። ስምም ስልክም የጠየቀኝ የለም። መግቢያው በትኬት ቁጥር ተራ ስለሆነ የበር ትኬት የያዘ መጨረሻ ይገባል፤ አይክፋችሁ። ከኋላ፣ ድምፅ የሚያስተካክለው ባለሙያ ጠረጴዛ አጠገብ ቁሙ። ፊት ያለው የሚሰማው አጠገቡ ያለውን ጊታር ብቻ ነው፤ እዚያ ግን አራቱም እኩል ይመጣሉ። የጆሮ መሰኪያ ሳትይዙ እንዳትሄዱ።

ሁለቱ ጊታሪስቶች በግራና በቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ ቤዝ የምትመታው ታማኪ መሀል ትቆማለች። ሙዚቃው ጫፍ ሲደርስ ታካአኪራ ጎቶ ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከና ጊታሩን አቅፎ መሬት ላይ ያሉትን የጊታር ድምፅ መቀየሪያ ፔዳሎች በእጁ ያዞር ጀመር። ፀጉሩ ፊቱን ሸፍኖታል። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ያለቅሱ ነበር፤ እኔም አልቻልኩም።

ትኬት ሻጩ ድርጅት ግን እስከ ዛሬ «ዕጣ ወጥቶለት ያልከፈለ» የሚል ምልክት ስሜ ላይ እንዳስቀመጠ ነው። አንሡልኝ ብዬ ጽፌያለሁ፤ የጥያቄና መልስ ገጹን ይመልከቱ ብለውኛል።