አልሰምጥ ያለው ከረጢት

ዛሬ አንድ የሥራ ባልደረባችን አለቃውን የሚያማ መልእክት ለራሱ ለአለቃው ልኮ፣ ደንግጦ ወዲያው አጠፋው። አለቃው ግን ቀድሞ አንብቦታል። ሁሉም ሲስቅ እኔ ሄንሪ ሎረንስ ትዝ አለኝ።

ሎረንስ የአሜሪካ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1780፣ አሜሪካ ለነጻነቷ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ፣ ብድር ፍለጋ ወደ ኔዘርላንድ በመርከብ ሲጓዝ እንግሊዞች ደረሱበት። ደብዳቤዎቹ ክብደት በታሰረበት ከረጢት ታጭቀው ባሕር ውስጥ ተጣሉ። ከረጢቱ ግን ቶሎ አልሰምጥ አለ! የእንግሊዝ መርከበኞች በመንጠቆ ጎትተው አወጡት። ውስጡ ከአምስተርዳም ጋር የተነደፈ የውል ረቂቅ ተገኘ። እንግሊዝ ይህንኑ ሰበብ አድርጋ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በኔዘርላንድ ላይ ጦርነት አወጀች፤ ሎረንስም የለንደን ግንብ እስረኛ ሆነ።

የዘመኑ ዲፕሎማቶች መልእክታቸው እንዳይጠፋ አንዱን ደብዳቤ ገልብጠው በተለያዩ መርከቦች ይልኩ ነበር። የሎረንስ ጭንቀት የተገላቢጦሽ መሆኑ ይገርመኛል። የአምስተርዳም ነጋዴዎች ወሬውን ሲሰሙ ምን ብለውት ይሆን?