ውስጡ ያልተጻፈበት ካርድ

ዛሬ ከቀትር በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ያለ ምክንያት ሆድ ባሰኝና አሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህቴ በሰው እጅ የላከችልኝን ሳጥን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። ጥቅምት ሲገባ ደሴ እንዲህ ታደርገኛለች። ክረምቱን ሙሉ ጦሳን ሸፍኖ የከረመው ጉም ገለል ብሎ ተራራው ፊት ለፊት ሲገለጥ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ «አየሽው?» የምላት ሰው አጠገቤ እንደሌለች ትዝ ይለኛል። ብርዱም ጀምሯል፤ እናቴ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያለች ቅልጥም መጣድ ከጀመረች ሰነበተች።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው የሰላምታ ካርድ መሥሪያ ነው። እጀታዋን በእጅ የሚያዞሯት፣ ሁለት ሮለሮች ያሏት ትንሽ ማሽን አለች። ከእርሷ ጋር በቅጠል፣ በፍሬና በአበባ ቅርጽ የተሠሩ፣ «ዳይ» የሚባሉ ስስ የብረት ስለቶች መጥተዋል። ስለቱን በወረቀቱ ላይ ደፍቶ፣ ሁለቱን አንድ ላይ በጠንካራ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች መካከል አድርጎ እጀታውን ማዞር ነው። ሰሌዳዎቹ በሮለሮቹ መካከል ተጨምቀው ሲያልፉ ሲጥ ሲጥ ይላሉ፤ በመጀመሪያው ቀን የተሰበረ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። በወዲያኛው በኩል ሲወጡ ቅጠሉ ከነጥርሱ ተቆርጦ ይገኛል። ወረቀቱ ወፍራም ከሆነ ሁለት ጊዜ ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ በስለቱ ጠባብ ማዕዘኖች ውስጥ የሚቀረውን ብጥስጣሽ ደግሞ በመርፌ ጫፍ እየገፉ ማውጣት ግድ ነው። ይህን ሥራ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ እጅ ሲጠመድ ሆድም ረጋ ይላል።

ማኅተሙ ግን ትዕግሥቴን ፈትኖታል። እኔ የማውቀው ማኅተም የመሥሪያ ቤት ክብ ማኅተምና የኃላፊ ቲተር ነው፤ እነርሱን ቀለም አጥግቦ በኃይል መምታት የለመደ እጅ ለዚህኛው አይሆንም። ይህኛው ለስላሳና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ እንደ መስታወት በጠራ ፕላስቲክ ላይ ስለሚለጠፍ የሚያርፍበትን ቦታ ከላይ እያዩ ማስተካከል ይቻላል። ቀለሙን ነካ ነካ አድርጎ ማስያዝ፣ ቀጥ አድርጎ ማሳረፍ፣ ሳያወዛውዙ መጫን፣ ከዚያም ቀጥ አድርጎ ማንሣት ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ጠርዛቸው ተድበስብሶ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ቢጫውን አስቀድሜ፣ ብርቱካናማውን አስከትዬ፣ ቀዩን ጠርዙ ላይ ብቻ ሳሳርፍበት ግን እስትንፋሴ ቆመ፤ እህቴ ባለፈው ዓመት ከመንገዷ ዳር ፎቶ አንሥታ የላከችልኝን ቅጠል ሆኖ ወጣ።

ያ ቅጠል የሜፕል ዛፍ ቅጠል ነው። እንደ ተዘረጋ መዳፍ ጣት ጣት አለው፤ እኔ በደሴ እንዲህ ያለ ዛፍ አይቼ አላውቅም። እርሷ በምትኖርበት በሚኒሶታ ግን መንገዱ ሁሉ እርሱ ነው፤ እኛ መስቀልን ስናከብር ይቀላል፤ ጥቅምት ሳይጋመስ ይረግፋል። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ለቅጠሉ አረንጓዴ መልክ የሚሰጠውን ክሎሮፊል መተካት ያቆማል፤ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚጋጠምበት ቦታ ላይም ቀስ በቀስ መለያያ ያበጃል። ያን ጊዜ የሚታየው ቢጫ አዲስ አይደለም፤ ድሮም በቅጠሉ ውስጥ የነበረ፣ አረንጓዴው ሸፍኖት የኖረ ነው። ቀዩ ግን ሌላ ነው፤ እርሱን ዛፉ በቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር የሚሠራው በዚያው በመጨረሻው ጊዜ ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ቀዩን ቀለም ባነሣሁ ቁጥር እጄ ይለግማል።

ማኅተሙ ደርቆ ካርዱን ሳቃናው ቀና ብዬ በመስኮት አየሁ። ጦሳ አረንጓዴ ነው። የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ እንደ ሰኔው ሁሉ ቆሟል። ማሳው ላይ ያለው እህል እየገረጣ ነው፤ አደዩ በየዳገቱ አለ፤ ቢሆንም መርገፍ ጀምሯል። እኛ ዘንድ ወቅቱ መጸው ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው አርባ ቀን ዘመነ ጽጌ፣ የአበባ ዘመን ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደዷ እየታሰበ ሌሊቱን ማኅሌት ይቆማል። እህቴ ቅጠል ረገፈብኝ በምትልበት ሳምንት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ የጽጌን ማኅሌት ለመስማት ትወጣለች። ስደትንና አበባን በአንድ ወቅት ያገናኘውን ሰው ማንነት ባላውቅም፣ ዘንድሮ ነገሩ ልቤ ውስጥ ገብቷል።

ስሙም ቢሆን አስቸግሮኛል። ተማሪዎች ሳለን የእንግሊዝኛ መምህራችን ይህን የቅጠል መርገፊያ ወቅት «በልግ» ብሎ ነበር የተረጎመልን። ለወሎ ልጅ ግን በልግ ማለት በየካቲትና በመጋቢት የሚጠበቅ ትንሹ ዝናብ ነው፤ ሲዘንብ የሚዘራበት፣ ሲቀር ገበሬ ሰማይ ሰማይ የሚያይበት። ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት በዚያ ስም ልጠራው አልቻልኩም። እንግዲያውስ መጸው ልበለው? የኔ መጸው አበባ ነው፤ የእርሷ መጸው ግን ባዶ ቅርንጫፍ።

እህቴ ሥዕል የጀመረችው በእንቁጣጣሽ ነበር። በሰፈራችን ሴቶቹ ልጆች አደይና ቄጠማ ይዘው እየዘፈኑ ይዞራሉ፤ ሥዕል ስለው በየቤቱ የሚሰጡት ወንዶቹ ናቸው። እርሷ ስምንት ዓመት ሲሞላት «እኔም እሥላለሁ» ብላ አስቸገረች። ከደብተር መካከል በተገነጠለ ወረቀት ላይ ዓይንና አፍ ያላት ፀሐይ ሣለች፤ ከሥሯ ጦሳን፣ ከጦሳ ሥር ቤታችንን። ጎረቤታችን እትዬ ዘ. ፀሐይቱን አይተው «ይቺስ የኔ ናት» ብለው ሳንቲም ሰጧትና ግድግዳቸው ላይ ለጠፏት፤ ዓመት ሙሉ እዚያው ከረመች። ያች ሁሉንም ቤት በአንዲት ፀሐይ ያጥለቀለቀች ልጅ አሁን፣ ከሥራ ስትወጣ ጨልሞ እንደሚቆያት ነግራኛለች። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቅባት በዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እኛ ዘንድ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ነው፤ እርሷ ዘንድ ግን በበጋቸው ከ15 ሰዓት ተኩል ያላነሰው ብርሃን ወደ 9 ሰዓት ያህል ይወርዳል። ይህን ያህል ብርሃን ከአንድ ሰው ሕይወት ላይ በየዓመቱ ሲወሰድ እኔ እዚህ ተቀምጬ አላውቀውም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴን ልጠይቅ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። በግቢዋ ያለው ብሳና አረንጓዴ ነው፤ በመካከሉ ግን እዚህም እዚያም አንዳንድ ቅጠል ብቻውን ብርቱካናማ ሆኗል። ብሳና እንዲህ ነው፤ ዛፉ ሁሉ አንድ ላይ አይቀላም፤ ሊረግፍ የተዘጋጀው ብቻ ተለይቶ ይቀላል። ልጅ ሆነን ስንቴ ረግጠነው አልፈናል። ልብ የመሰለውን ሰፊ ቅጠል ከመሬት ሳነሣ አክስቴ አይታኝ «ቅጠል ይዘሽ የሐረጎን ዳገት ልትወጪ ነው? አብሽሪ፣ ዛፉም ያንቺ ነው» አለችኝ። በመጽሐፍ መካከል አድርጌ ይዤው መጣሁ።

ዛሬ ማኅተሙን ወደ ጎን ትቼ ብሳናውን አወጣሁት። ጅማቱ ጎልቶ በሚታየው በጀርባው በኩል ቀለም ነካ ነካ አድርጌ፣ በካርዱ ፊት ላይ ደፍቼ፣ በላዩ ንጹሕ ወረቀት አድርጌ በጣቴ ቀስ ብዬ ዳበስኩት። ሳነሣው ጅማቱ አንድም ሳይቀር ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። ከጎኑ በማሽኑ የቆረጥኩትን ቀይ የሜፕል ቅጠል በኮላ ለጠፍኩ። ጫፋቸው ሊነካካ ጥቂት ቀርቶታል፤ እንዲነካኩ አላደረግሁም።

የካርዱ ፊት አለቀ። ውስጡ ግን ባዶ ነው። እኛ እንኳን አደረሰሽ የምንለው ለበዓል ነው፤ በዓሉም አልፏል። እናቴ በመስከረም መጀመሪያ ስልኩን ተቀብላኝ በለመደችው ቃል «እንኳን ከጨለማ ወደ ብርሃን አሸጋገረሽ፣ ልጄ» ስትላት፣ እህቴ «አሜን፣ እንኳን አብሮ አሸጋገረን» ብላ ነበር። ድምፅዋ ግን ከወትሮው ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ያኔ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። አሁን ብዕር ይዤ ተቀምጫለሁ፤ መሽቷል፤ ቅልጥሙም በስሏል መሰለኝ እናቴ እየጠራችኝ ነው። ከብርሃን ወደ ጨለማ ለምትሻገር እህት ምን ተብሎ ይጻፋል?