ሞተር ሳይክል ከሞተርሆም ጀርባ፦ የኋላው አክስል ሒሳብ

ለጉዞ የተነሣነው ጠቅላላ ክብደቱ 3,500 ኪሎ እንዲሆን በተፈቀደለት ሞተርሆም፣ ማለትም ማደሪያ ቤት ባለው መኪና ነው፤ ከጀርባው በተገጠመ የብረት መሸከሚያ ላይ አንድ ቀላል ሞተር ሳይክል ይጫናል። አምራቹ የለጠፈው ሰሌዳ አራት ክብደቶች ይዟል፦ የመኪናው ጠቅላላ፣ ከተጎታች ጋር የሚፈቀደው፣ የፊት አክስል (ሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚሸከሙት)፣ የኋላ አክስል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ያልፋል። ከኋላ ሞተር ለሚጭን ግን ወሳኙ የመጨረሻው ነው። በእኛ መኪና የፊቱ 1,850፣ የኋላው 2,000 ኪሎ ነው።

መሸከሚያውንም ሞተሩንም ከመጫናችን በፊት መኪናውን ሚዛን ላይ አወጣነው። ናፍጣው ሞልቶ፣ ውኃው ሞልቶ፣ ሰውም ዕቃውም በየቦታው ሆኖ፣ መጀመሪያ የፊት ጎማዎች ብቻ፣ ቀጥሎ መላው መኪና፣ በመጨረሻ የኋላዎቹ ብቻ ተመዘኑ። ከፊት 1,480፣ ከኋላ 1,740፣ ድምሩ 3,220። ሞተሩ ከነቤንዚኑ 118 ኪሎ ይመዝናል፤ ሞተርም እንደ መኪናው መመዘን አለበት፣ ምክንያቱም በመግለጫ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ክብደት አንዳንዴ ያለ ነዳጅና ያለ ዘይት ነው። መሸከሚያው 42 ኪሎ ነው። ሁለቱ ተደምረው 160።

በወረቀት ሲታይ ጭነቱ ይገባል፦ ከጠቅላላው ገና 120 ኪሎ ይተርፋል፣ ከኋላም 1,740 ሲደመር 160 ልክ 1,900 ይመጣል። ይህ የመጨረሻው ድምር ግን ትክክል አይደለም። ሞተሩ አክስሉ ላይ ሳይሆን ከአክስሉ 2.6 ሜትር ወደ ኋላ ወጥቶ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ጅራቱን ሲጫን የመኪናውን ፊት ያነሣል። ከፊት የተነሣው ክብደት ደግሞ ሄዶ የኋላው አክስል ላይ ያርፋል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ክብደቱን ከኋላው አክስል በራቀበት ሜትር ማባዛት፣ ከዚያ በሁለቱ አክስሎች መካከል ላለው ርቀት ማካፈል። 160 በ2.6 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 104 ይሆናል። ፊቱ 104 ኪሎ ይቀልለዋል፣ ኋላው 160ውንም 104ቱንም፣ በድምሩ 264 ይሸከማል። 2,004! ጠቅላላው ከገደብ በታች ሆኖ ሳለ የኋላው አክስል አልፏል።

ርቀቱ የሚለካው ከኋላ ጎማው መሐል ተነሥቶ በጎን የተጫነው ሞተር ሁለት ጎማዎች እስካረፉበት መስመር ድረስ ነው፤ እስከ ፓራውልቱ መለካት ሒሳቡን ያሳንሰዋል። መሸከሚያውን በ10 ሳንቲሜትር ማስጠጋት ብቻውን 4 ኪሎ ያህል ያቀልላል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ከውስጥ የነበረው ዕቃ ነው። የውኃው ታንከር ከአክስሉ 1 ሜትር ወደ ኋላ ስላለ 60 ሊትር ስናፈስስ ኋላው በ75 ኪሎ ቀለለ። በኋለኛው ዕቃ ክፍል፣ ከአክስሉ 2 ሜትር ርቆ የነበረውን 25 ኪሎ የመፍቻ ሣጥን ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ስናስቀምጠው ሌላ 31 ኪሎ ወረደ። ሞተሩ ተጭኖ ዳግም ሲመዘን ኋላው 1,900 አካባቢ ሆነ። ቢያንስ ይህን 100 ኪሎ ያህል መጠባበቂያ እንዲኖር አጥብቀን እንመክራለን፤ መንገድ ላይ የሚገዛ ዕቃ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በኋላው በር ነው።

ጅራቱ ሲወርድ ብዙዎች በአየር የሚነፋ ረዳት ሞላ ያስገጥማሉ። ጥሩ ነገር ነው፣ መኪናው ይስተካከላል፣ መወዛወዙም ይቀንሳል። ሚዛኑ ግን ያንኑ ቁጥር ያነባል፤ ሞላው ከአክስሉ ላይ ክብደት አያነሣም። ጎማውም የራሱ ገደብ አለው፦ 112 የሚል የጭነት ቁጥር የተጻፈበት አንድ ጎማ 1,120 ኪሎ፣ 116 የሚለው 1,250 ኪሎ ይችላል፤ ይህም አየሩ በአምራቹ ልክ ሲሞላ ነው። አየሩን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ እንለካለን።

መሸከሚያው የታሰረው ከሻንሲው ማራዘሚያ ጋር በቡሎን ነው። ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚታሰር መሸከሚያ ለብስክሌት እንጂ ለሞተር አይሆንም፤ ግድግዳውን ገንጥሎ ይወርዳል። ሞተሩን ማርሽ ውስጥ አስገብተን፣ የፊት ጎማውን መያዣው ውስጥ ከትተን፣ በአራት ማሰሪያ ወደ አራት አቅጣጫ እንወጥረዋለን። የፊት አሞርዛተሩ ግማሽ ያህል እስኪወርድ መሳብ ይበቃል፤ እስከ መጨረሻው ከተጫነ ጎሚኒው ዘይት ያስመልጣል፣ ጭርሱን ካልተጫነ ደግሞ ጉድጓድ ላይ ሞተሩ ሲወርድ ማሰሪያው ይላላና መንጠቆው ይወልቃል። የጎን መቆሚያው ታጥፎ መሆን አለበት። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመን ማሰሪያውን፣ ቡሎኑን፣ ብየዳው ላይ ስንጥቅ መኖሩን እናያለን። ታርጋውና ፍሬቻው በሞተሩ ከተከለሉ መሸከሚያው ላይ ሌላ ይሰቀላል።

በመንገዱ ላይ የክብደቱ ነገር በመሪው ይታወቃል። ፊቱ ስለቀለለ መሪው ይላላል፣ የፊት መብራቱም ከፍ ብሎ የተቃራኒውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ ከመምሸቱ በፊት ዝቅ ማድረግ ነው። የሚጎትተው የፊት ጎማ በሆነ መኪና እርጥብ ዳገትና ሣር ላይ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፣ ስለዚህ ሣር ላይ ስናድር አፍንጫውን ወደ መውጫው፣ ከተቻለም ወደ ቁልቁለቱ አዙረን እናቆማለን። ጠባብ ቦታ ላይ ሲታጠፉ ጅራቱ ወደ ውጭ ይወጣል። ሞተሩ ደግሞ ያን ጅራት ያረዝመዋል።

ሞተሩ ከ150 ኪሎ በላይ ከሆነ ተጎታች ይሻላል የሚል አቋም አለን። አክስሉ ላይ የሚደርሰው የተጎታቹ አንገት፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያያዘው ጫፍ ክብደት ብቻ ነው፤ 60 ኪሎ የሚጫን አንገት ከአክስሉ 2.5 ሜትር ርቆ እንኳ 98 ኪሎ ያህል ነው የሚጨምረው።

ካምፕ ስንደርስ መጀመሪያ ሞተሩ ይወርዳል፣ ውኃው ከዚያ በኋላ ይሞላል። ስንነሣ ተገላቢጦሽ፦ ንጹሑም ያገለገለውም ውኃ ከፈሰሰ በኋላ ነው ሞተሩ የሚጫነው።