የክረምት ሻይ ቅመም በሚያዝያ ይደርቃል

ለክረምቱ ጉንፋንና ብርድ የማፈላውን ዝንጅብልና ጦስኝ የማደርቀው ከሚያዝያ እስከ ግንቦት አጋማሽ ነው። ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ ከገባ በኋላ ቅጠል ማድረቅ ሻጋታ ማርባት ነው። ይህን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ግዢው አያስቸግርም። ዝንጅብሉ ያልተጨማደደ፣ ሲሰብሩት ቀጭ የሚል ይሁን። ጦስኝ የደጋ ተክል ስለሆነ ከላይ አገር ነው የሚመጣው፤ በመዳፍ ሲያሹት ካልሸተተ አትግዙት። ቅርንፉድና ቀረፋ ሳይፈጩ ይገዙ። ከዘጌ የመጣ ሎሚ ካለ እሱን ያዙ።

ጣጣው ማድረቁ ላይ ነው። በስልጠና የታደለን ወረቀት «በጥላ ዘርግቶ ማድረቅ» ብሎ ያልፋል። ለደረቅ ወር ልክ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጣና ዳር ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ቅጠሉ ቀን የለቀቀውን ሌሊት መልሶ ይስባል። ላዩ ይንኮሻኮሻል፣ ግንዱ ግን ውኃ ይዟል። በዚያው ከታሸገ እርጥበቱ በብልቃጡ ይሰራጭና ይሻግታል። ወረቀቱን ያዘጋጁት እዚሁ ጣና ዳር እየኖሩ ስለ ወሩ አንድ መስመር አለመጨመራቸው እስካሁን ያበሳጨኛል።

ዝንጅብሉን በብሩሽ አጥቤ፣ ሳልልጥ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ሳይወፍር እቆርጠዋለሁ። ከወፈረ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና የውስጡን ውኃ ያፍነዋል። ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ፀሐይ ይመታዋል፣ ማታ ቤት ይገባል። ጦስኙ ግን ጥላ ይፈልጋል፤ ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል። መድረቁን በእጅ ብቻ አትመኑ፣ መዝኑ። 1 ኪሎ እርጥብ ዝንጅብል ሲደርቅ ከ200 ግራም ብዙ አይበልጥም፤ 300 ከመዘነ ውኃው ገና አልወጣም። ከዚያ በደረቅ ብልቃጥ ከድናችሁ አሳድሩት። ጠዋት መስታወቱ ላይ ላብ ከታየ እንደገና ይሰጣ።

ክረምት ላይ ማድረቅ ግድ ከሆነ የምጣዱን ትርፍ ሙቀት ተጠቀሙ። እንጀራው አልቆ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ ሁለት ሸክላ አቁማችሁ ሰፌዱን ከላይ አስቀምጡ፤ በሰፌዱ ከፍታ እጅ ሳይቃጠል የሚቆይበት ሙቀት ይበቃል። ከሰል ላይ ግን አይሆንም፣ ጢስ ጢስ ይላል።

የሻገተውን ፍቆ መጠቀም፣ «ሲፈላ ይሞታል» ማለትም አለ። ሻጋታው ቢሞት እንኳ አፍላቶክሲን የሚባለው የአንዳንድ ሻጋታ መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ብልቃጡ ውስጥ ያለው በሙሉ ይደፋ።

አፈላሉ አጭር ነው፦ ለ1 ሊትር ውኃ 10 ግራም ደረቅ ዝንጅብል፣ 4 ፍሬ ቅርንፉድ፣ አንድ ቁራጭ ቀረፋ፤ ተከድኖ 15 ደቂቃ። ጦስኙ አብሮ አይፈላም። ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምራችሁ ለ7 ደቂቃ ክደኑት። ማርና ሎሚ ለብ ሲል ይገባሉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም።

ዳማከሴን አላደርቅም፤ እርጥቡ ታሽቶ ሲሸተት ነው ጥሩ፣ በጓሮም በቀላሉ ይይዛል። ጤና አዳምን ለነፍሰ ጡር አልሰጥም፤ ማህፀንን ያነሳሳል። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ይቆስላል፣ ስትቆርጡት እጃችሁን ታጠቡ።

ይህ ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ያሞቃል እንጂ በሽታ አያድንም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ በተለይ ከመስከረም ጀምሮ፣ ጀበናውን ትታችሁ ለወባ ደም ተመርመሩ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳልም የአክታ ምርመራ ይፈልጋል።