የኮሎራዶ 6ኛ ወረዳን የድምፅ ታሪክ በሠንጠረዥ እንዴት እንደሠራሁት

ከዴንቨር በስተምሥራቅና በስተደቡብ ያሉትን ኦሮራን፣ ሴንቴኒያልንና ሊትልተንን የሚያቅፈው፣ ወደ አሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አንድ ሰው የሚመርጠው የኮሎራዶ 6ኛ የኮንግረስ ወረዳ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚባለው አንድ ነው፦ «36 ዓመት የሪፐብሊካኖች ነበር፤ በ2018 ዴሞክራቶች ወሰዱት።» አባባሉ ውሸት የለበትም። ችግሩ ሦስት ነገሮችን በአንድ መቋጠሩ ነው፦ የወረዳው መስመር መለወጡን፣ በመስመሩ ውስጥ የሚኖረው ሰው መለወጡን፣ የመራጩ ሐሳብ መለወጡን። ሠንጠረዡን የሠራሁት ሦስቱን ለያይቼ ለማየት ነው። እዚህ የማስቀምጠው አሠራሩን፣ የት የት እንደሚበላሽና ምን እንደወጣልኝ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቁጥር ከመሰብሰቤ በፊት ዘመን ከፈልኩ። የኮንግረስ ወረዳ በየ10 ዓመቱ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ እንደገና ይሠመራል። ስሙ «6ኛ» ሆኖ ይቀጥላል፤ መሬቱ ግን ይቀየራል። ወረዳው የተፈጠረው ከ1980ው ቆጠራ በኋላ ሲሆን የመጀመሪያው ተመራጭ የአፖሎ 13 ጠፈርተኛ ጃክ ስዋይገርት ነበር። በኖቬምበር 1982 ተመርጦ ቃለ መሐላ ሳይፈጽም በዲሴምበር አረፈ። በ1983 በማሟያ ምርጫ ዳን ሼፈር ገባ፤ ከ1999 ቶም ታንክሬዶ፣ ከ2009 ማይክ ኮፍማን፣ ከ2019 ጄሰን ክሮው ተከተሉት። የስሞቹ ዝርዝር እንዲህ አጭር መሆኑ ታሪኩን ቀላል ያስመስለዋል።

ትልቁ መታጠፊያ 2011 ነው። የስቴቱ ምክር ቤት በካርታው መስማማት ስላቃተው ጉዳዩ ዴንቨር ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው ዴሞክራቶች ያቀረቡትን ካርታ መረጡ፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናው። ከዚያ በፊት ኦሮራ ለ6ኛውና ለ7ኛው ወረዳ ተከፍላ ነበር። 6ኛውም ወደ ደቡብ ዘልቆ እንደ ካስል ሮክ ያሉ የዳግላስ ካውንቲ ጠንካራ ሪፐብሊካን ከተሞችን ይዞ ነበር። አዲሱ መስመር ኦሮራን አሰባስቦ መሐል ላይ አስቀመጠ፤ አብዛኛውን ዳግላስ ወደ 4ኛው ወረዳ ገፋ፤ ሃይላንድስ ራንችን አስቀረ። እያንዳንዱ ወረዳ በዚያን ጊዜ 718,457 ሰው ገደማ እንዲይዝ ነበር የተሠራው። ከ2020ው ቆጠራ በኋላ ኮሎራዶ ስምንተኛ መቀመጫ ስላገኘች ቁጥሩ 721,714 ሆነ። ካርታውንም ያወጣው በ2018 በሕዝብ ድምፅ የተቋቋመው 12 አባላት ያሉት ገለልተኛ ኮሚሽን ነው። ስለዚህ በሠንጠረዤ ላይ «6ኛ ወረዳ» የሚባል አንድ ዓምድ የለም። በ2002፣ በ2012 እና በ2022 ምርጫዎች የሚጀምሩ ሦስት ዓምዶች አሉ። ከዚያ በፊት ያለውን በፕሪሲንክት (ድምፅ ተቆጥሮ በሚመዘገብበት ትንሹ ክፍል) ደረጃ አልሠራሁትም፤ በአሸናፊ ስምና በመቶኛ ብቻ ያዝኩት።

ውጤቱን ከስቴቱ የምርጫ ጽሕፈት ቤት በፕሪሲንክት ደረጃ ወሰድኩ።  በኮሎራዶ ፋይሎች እያንዳንዱ ፕሪሲንክት 10 አሃዝ ያለው መለያ አለው፤ ይህን መለያ ማንበብ የቻለ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። 6283603123 ተብሎ ተጽፎ ቢያገኙ የመጀመሪያው 6 የኮንግረስ ወረዳው ነው፤ 28 የስቴቱ ሴኔት ወረዳ፣ 36 የስቴቱ ተወካዮች ምክር ቤት ወረዳ፣ 03 ካውንቲው፣ 123 የፕሪሲንክቱ ተራ ቁጥር። ካውንቲዎቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለተቆጠሩ አዳምስ 01፣ አራፓሆ 03፣ ዳግላስ 18 ነው። ኤክሴል ውስጥ ከግራ አንድ፣ ከስድስተኛው አሃዝ ጀምሮ ሁለት፣ ከቀኝ ሦስት አሃዝ ቆርጦ ማውጣት ይበቃል።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ይበላሻል። አንደኛ፣ ዓምዱ ጠባብ ከሆነ ኤክሴል መለያውን በሳይንሳዊ አጻጻፍ ያሳጥረዋል። ቁጥሩን ከስክሪኑ ላይ አይቶ የሚገለብጥ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ የተቆረጠው «03» ወደ ቁጥር ሲለወጥ 3 ይሆንና ከሌላው ፋይል ጋር አይገናኝም። የሕዝብ ቆጠራው መለያ ደግሞ ኮሎራዶን 08 ብሎ ስለሚጀምር (አራፓሆ 08005 ነው) መሪው ዜሮ ሲጠፋ አንድም ረድፍ ሳይገጥም ይቀራል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ፋይሉ ሲከፈት ዓምዱን ገና ከመነሻው «ጽሑፍ» ብሎ ማስመጣት። ከተከፈተ በኋላ ቅርጹን መቀየር የጠፋውን ዜሮ አይመልስም።

ሌላው የመለያው ወጥመድ፣ ወረዳው ሲቀየር መለያውም መቀየሩ ነው። የዚያው ሰፈር ፕሪሲንክት በ2010 በ7 ጀምሮ በ2012 በ6 ሊጀምር ይችላል። በመጨረሻዎቹ አምስት አሃዞች ማገናኘት ያጓጓል፤ እኔም መጀመሪያ የሞከርኩት እሱን ነበር። ካውንቲዎች ግን ከአዲስ ካርታ በኋላ ፕሪሲንክቶቻቸውን ቆራርጠው እንደገና ቁጥር ስለሚሰጡ አንድ ዓይነት ቁጥር አንድ ዓይነት መሬት አይደለም። ከ2011 በፊትና በኋላ ያለውን ማገናኘት የሚቻለው በካርታ ብቻ ነው።

ከእያንዳንዱ ምርጫ በኋላ አንድ ፍተሻ አደርጋለሁ፦ የፕሪሲንክቶቹን ድምር ከመጨረሻው የጸደቀ ውጤት ጋር አነጻጽራለሁ። ልዩነቱ ዜሮ መሆን አለበት። በትክክል እጥፍ ከመጣ «ጠቅላላ» የሚለው ረድፍ አብሮ ተደምሯል ማለት ነው። በጥቂት መቶዎች ከተለየ አንድ ፕሪሲንክት ሁለት ጊዜ ተገናኝቷል፣ ወይም የተጠቀሙት የምርጫ ሌሊቱን ቁጥር ነው። ኮሎራዶ ከ2013 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ንቁ ተመዝጋቢ የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ትልካለች። እስከ ምርጫው ቀን ምሽት 1 ሰዓት ሳጥን ውስጥ የገባ ወረቀት ሁሉ ይቆጠራል፤ ፊርማው ያልገጠመ መራጭም 8 ቀን ተጨማሪ ይሰጠዋል። ዘግይቶ የሚቆጠረው ብዙ ስለሆነ የሌሊቱ ቁጥር ለታሪክ አይሆንም።

ከባዱ ሥራ የድሮ ውጤትን በአዲሱ መስመር ውስጥ መቁጠር ነው። በመስመሩ የተሰነጠቀ ፕሪሲንክት ድምፁ ለሁለት መከፈል አለበት። 900 ድምፅ የሰጠ አንድ ፕሪሲንክት በምሳሌ እንውሰድ። አዋቂ ነዋሪው 2,000 ነው፤ ከዚህ ውስጥ 500 ሰው ከመስመሩ ወዲህ ይኖራል። 500 ለ2,000 ሲካፈል 25 በመቶ ስለሆነ 225 ድምፅ ወዲህ ይገባል። በስፋት ቢከፈልና ወዲህ ያለው መሬት 80 በመቶ ቢሆን ግን 720 ድምፅ ይገባ ነበር። በምሥራቅ ኦሮራ ይህ በእውነት ያጋጥማል፤ ከቤቶቹ ማዶ ያለው ባዶ ሜዳ ነው፤ ካርታው ላይ ግን ሰፊ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በስፋት አትክፈሉ፤ ዕድሜያቸው 18 የሞላቸውን በቆጠራ ብሎክ (ቆጠራው ቁጥር በሚያወጣበት ትንሹ የመሬት ክፍል) ወስዳችሁ ክፈሉ። የ2020 ቆጠራ ለግለሰቦች ምስጢር ጥበቃ ሲባል በብሎክ ደረጃ ሆን ተብሎ ትንሽ ተዛብቷል። የአንድ ብሎክ ቁጥር ስለዚህ አይታመንም፤ ብዙ ብሎክ ሲደመር ግን ስሕተቱ ይካካሳል።

ይህ ሁሉ ልፋት ምን አሳየ? በ2010 ኮፍማን 66 በመቶ ገደማ አግኝቶ ነበር፤ በ2012 ወደ 48 ወረደና ዴሞክራቱን ጆ ሚክሎሲን በ2 የመቶኛ ነጥብ ብቻ አሸነፈ። ሠንጠረዡን ያለ ካርታ ያነበበ ሰው «መራጩ ከዳው» ይላል። በ2008 የፕሬዚዳንት ምርጫ በድሮው መስመር ሪፐብሊካኑ ማኬይን 53 ለ46 አሸንፎ ነበር፤ ያንኑ ምርጫ በአዲሱ መስመር ሲቆጥሩት አሸናፊው ኦባማ ነው። የተቆጠረው ድምፅ ያው የ2008ቱ ነው፤ የተለወጠው አጥሩ ነው። ከ66 ወደ 48 ለወረደው ዋናው ምክንያት መስመሩ ነው።

ለእኔ በጣም የጣመኝ 2016 ነው። በዚያው ወረዳ ክሊንተን 50 ለ41 ስታሸንፍ ኮፍማን ዴሞክራቷን ሞርጋን ካሮልን 51 ለ43 አሸነፈ። አንዱ በ9 ወደ ዴሞክራት፣ ሌላው በ8 ወደ ሪፐብሊካን ነውና ብዙዎች «17 በመቶው መራጭ ድምፁን ለሁለት ፓርቲ ከፈለ» ብለው ይጽፋሉ። ስሌቱ ስሕተት ነው። አንድ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ብልጫውን በ2 ነጥብ ስለሚያንቀሳቅስ ድርሻን ከድርሻ ማነጻጸር ይሻላል። ኮፍማን ከትራምፕ 10 ነጥብ በለጠ፤ ካሮል ከክሊንተን 7 አነሰች፤ ለሦስተኛ ወገን የተሰጠው ከ9 ወደ 6 ወረደ። 7 እና 3 ሲደመር 10 ነው፣ ሒሳቡ ገጠመ። ይህም የተጣራው እንቅስቃሴ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ ተሻግረው የተካካሱት አይታዩበትም። ለፕሬዚዳንት ሞልተው የኮንግረሱን ረድፍ ባዶ የተዉ መራጮችም ስላሉ ሁለቱ መቶኛዎች የሚካፈሉበት ድምር አንድ አይደለም። ሁለቱንም ድምሮች በጎን መያዝ ያስፈልጋል።

በ2018 ክሮው 54 ለ43 አሸነፈ። የ11 ነጥብ ብልጫው ክሊንተን በ2016 ካገኘችው 9 ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ወረዳው በሁለት ዓመት ውስጥ ተገለበጠ ብዬ አልጽፍም፤ ለኮፍማን ብለው ፓርቲ ይለዩ የነበሩት መለየት አቆሙ ብዬ ነው የምጽፈው። በ2020 ባይደን 58 ለ39፣ ክሮው 57 ለ40፤ የፕሬዚዳንቱና የኮንግረሱ ድምፅ ገጠሙ።

ኦሮራ ብዙ ወገን የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች «የሐበሻው ድምፅ ወዴት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። በተለይ ኮፍማን «ኤችአር 128» እየተባለ ስለሚጠራው ጉዳይ አጥብቆ ስለተሟገተ ጥያቄው ይደጋገማል። በነገራችን ላይ እሱ ሕግ አልነበረም፤ በኤፕሪል 10 ቀን 2018 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ብቻ የጸደቀ፣ በኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ይከበር የሚል የአቋም ውሳኔ ነው። ጥያቄውን በዚህ ሠንጠረዥ መመለስ አይቻልም፤ እንደተመለሰ አድርጎ ማቅረብም ወገንን ማሳሳት ነው። የኮሎራዶ የመራጮች መዝገብ ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ዓመትና የፓርቲ ምዝገባ ይዟል፤ የዘር ግንድ አይጽፍም። የቆጠራ ቢሮው የቋንቋ ሠንጠረዥ አማርኛን ከሶማልኛና ከሌሎች አፍሮእስያዊ ቋንቋዎች ጋር በአንድ ረድፍ ይጨምራል። የትውልድ ሐረግ ሠንጠረዡ ኢትዮጵያዊ የሚል ረድፍ አለው፤ ግን በሰፈር ደረጃ የስሕተት ወሰኑ ሰፊ ነው። ከተቆጠረውም ገና ዜግነት ያላገኘው አይመርጥም። ሐበሻ የበዛበት ፕሪሲንክት ለክሮው 65 በመቶ ሰጠ ቢባል እንኳ ሐበሻው ራሱ ምን እንደመረጠ አይነግረንም፤ ከጎኑ ያለው ጎረቤት ሊሆን ይችላል።

የመራጭ ተሳትፎን በተመለከተ አካፋዩን አንድ አድርጌ ያዝኩ። አንዳንድ ዘገባ ድምፅ የሰጡትን ለንቁ ተመዝጋቢ፣ አንዳንዱ ለጠቅላላ ተመዝጋቢ ያካፍላል። 1,000 ንቁና 200 ንቁ ያልሆነ ባለበት ፕሪሲንክት 750 ሰው ቢመርጥ በአንዱ 75 በመቶ፣ በሌላው 62.5 ይወጣል። እኔ 18 ዓመት ለሞላቸው ዜጎች ግምት ማካፈልን መረጥኩ፤ የመዝገቡ ጽዳት ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ።

በግራፉ ላይ የ2020ንና የ2022ን ነጥብ በመስመር አላገናኘሁም። ክሮው በ2022 ወደ 61 በመቶ ወጣ፤ ግን በአዲሱ ካርታ የባይደንም የ2020 ድምፅ ከ58 ወደ 60 ገደማ ከፍ ብሎ ይቆጠራል። በመሐከላቸው ክፍት ቦታ ትቼ «አዲስ መስመር» ብዬ ጻፍኩበት፤ በ2012ም እንደዚሁ።