የሚዞረው ገበታ ፊት

ጃፓን፣ ኮቤ ከተማ የሄድኩት ለካይዘን፣ ብክነትን እያስወገዱ ሥራን ለማሻሻል፣ ሥልጠና ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሩዝና ከዶሮ አልወጣሁም። ጥሬ ዓሣ አልሞክርም ብዬ ነበር። አንድ ቅዳሜ አብረውኝ የመጡት የፋብሪካችን የጥገና ኃላፊ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ "አንተ፣ ቁርጥ ሲቀርብ የሚቀድምህ የለም። ዓሣ ሲሆን ምነው ፈራህ?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ባቡር ይዘን ኦሳካ ገባን።

ኦሳካን የመረጥነው በምክንያት ነው። ሱሺ፣ ትንሽ የሩዝ ጉርሻ ላይ ብዙ ጊዜ ጥሬ ዓሣ የሚደረግበት የጃፓን ምግብ፣ በሚዞር መስመር ላይ መቅረብ የጀመረው እዚያው አጠገብ፣ ዛሬ ሂጋሺ ኦሳካ በሚባለው ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ዮሺአኪ ሺራይሺ የሚባል ሰው ሱሺ ቤት ነበረው፤ ሠራተኛ ግን አነሰው። ቢራ ፋብሪካ ሄዶ ጠርሙሶቹ በኮንቬየር ሲጓዙ አየና ሐሳቡ መጣለት። ፍጥነቱን በሰከንድ 8 ሴንቲሜትር ያህል አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1970 በኦሳካው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከታየ በኋላ ነገሩ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። አስተናጋጅ ሳህን ይዞ የሚመላለስበትን እርምጃ በሙሉ ማስቀረቱን ሳስብ፣ ክፍል ውስጥ ስለ ብክነት የተማርነው ሁሉ ፊቴ ላይ የሚዞር መሰለኝ።

ጋሼ ገና ሳይቀመጡ ጎንበስ ብለው መስመሩን ማየት ጀመሩ። የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ጥቁር ቁርጥራጮች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበዋል። ጥጉ ላይ ሲደርሱ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ክፍተት አይፈጠርም፣ ሳህኑም አይነቃነቅም። "ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ" አሉ። እኔም ከልቤ አሜን አልኩ።

ከዚያ እጄን መታጠብ ፈለግሁ። ሳልታጠብ ገበታ አልነካም፤ እንዲህ ነው ያደግሁት። ፊት ለፊቴ ትንሽ ቧንቧ አለች፣ ከሥሯ ጥቁር መጫኛ። እጄን ዘርግቼ ተጫንኳት። የፈላ ውኃ ነው! ለካ የሻይ ውኃ ኖሯል። ስኒ ውስጥ አረንጓዴውን የሻይ ዱቄት ትጨምራለህ፣ ስኒውን ወደ መጫኛው ትገፋለህ፣ ሻይህ ተዘጋጀ። አጠገቤ የነበሩ በዕድሜ የገፉ እናት አንድም ቃል ሳይናገሩ እርጥቡን የእጅ ፎጣቸውን ጣቶቼ ላይ ጠመጠሙልኝ። ጉዳቱ ቀላል ነበር። ደግነታቸውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። እጅ የሚጠረገው በዚያ በታሸገ ፎጣ ነው፤ መታጠብ የሚፈልግ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱን ይጠይቅ።

እጄ እስኪበርድ ምንም ሳላነሳ ተቀመጥኩ። ይሄ ጠቀመኝ። አንድ ዙር ሙሉ ዝም ብዬ ሳይ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሳህኖቹ ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋሉ። ሰው በግራ እጁ ያነሳል፣ በቀኙ ይበላል። የሳህኑ ቀለም ዋጋውን ይናገራል፤ ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አንዴ የተነሳ ሳህን አይመለስም። የተበላበት ሳህን ይደረደራል፤ ሲጨረስ ተቆጥሮ ሒሳቡ ይመጣል። ቋንቋ የማይችል ሰው በዓይኑ ብቻ የሚስተናገድበት ቤት እንደዚህ ያለ አላየሁም።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። እኛ የምንበላው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ነው። እዚያ መስመር ላይ ደግሞ የባሕር ፍጥረት ሁሉ ይዞራል። ከመሄዴ በፊት ስሞቹን በደብተሬ ጽፌ ነበር፤ ለአገሬ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም። ኤቢ ሽሪምፕ ነው። ኢካ ስኩዊድ፣ ታኮ ኦክቶፐስ፣ ካኒ ደግሞ ክራብ። እነዚህን አሳለፍኩ። እባብ የሚመስለውን ኡናጊንም ተውኩት። ቱና በጃፓንኛ ማጉሮ ነው። ሳልሞን ያው ሳሞን ይሉታል። ሳባ የሚባልም ዓሣ አለ፤ በሆምጣጤና በጨው የተሰናዳ። ያን ስም ሰምቶ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ከሁሉም የጣፈጠኝ እሱ ነው።

አበላሉን ያሳዩኝ እኒያው እናት ናቸው። ሱሺውን በጣታቸው ያዙ፣ ገለበጡት፣ የዓሣውን ጫፍ ብቻ አኩሪ አተር ስልሱ ውስጥ ነከር አድርገው ጎረሱ። እኔ ሩዙን ስነክር ፍርስርስ ብሎብኝ ነበር። በእጅ መብላት ነውር አለመሆኑን ሳይ ቾፕስቲኩን አስቀመጥኩ። መጠኑ ልክ አንድ ጉርሻ ነው፤ ለሁለት አይቆረስም። ዋሳቢ የሚሉት አረንጓዴ ማባያ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ ስለዚህ በትንሹ። ዝንጅብሉ በሁለት ሱሺዎች መካከል አፍ ለማጽዳት ነው።

ሒሳብ ከፍለን ጋሼ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። አስተናጋጇ በር ድረስ ሮጣ መለሰችላቸው። ጃፓን ውስጥ ጉርሻ አይሰጥም።

በሌላ ጊዜ ረቡዕ ቀን ሄጄ ኩከምበር በሩዝና በባሕር አረም የተጠቀለለበትን ካፓ ማኪ በላሁ። ኢናሪ የሚባለው፣ ከአኩሪ አተር በሚሠራው ቶፉ ከረጢት ውስጥ ሩዝ የሚሞላበት፣ የጾም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከረጢቱ የሚቀቀለው በዓሣ መረቅ ነው። በጾም ከዓሣም የሚታቀብ ይህን ይወቅ።

አሁን የሚሄድ ሰው ሌላም ነገር ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ወጣቶች የጋራ ዕቃ ሲልሱ የሚያሳይ ቪዲዮ ከተሰራጨ ወዲህ፣ ብዙ ትልልቅ ሱሺ ቤቶች ክፍት ሳህን ማዞር አቁመዋል። በስክሪን ታዛለህ፣ ሳህኑ በፈጣን መስመር መጥቶ ፊትህ ይቆማል። ንጹሕ ነው፣ ትኩስ ነው። የሚዞረውን ማየት የሚፈልግ ግን አስቀድሞ ይጠይቅ። ካገኘም ወንበሩን መስመሩ ከማዕድ ቤት ከሚወጣበት አጠገብ ይምረጥ፤ ሳባው ሰው ሳያነሳው ይደርስለታል።