እኛም እኮ አስታጥቀናል

ዛሬ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ቶናው ሳይቀርብ ክርክሩ ጦፈ። ኢራን የየመኖቹን ታጣቂዎች፣ ሁቲዎችን፣ ታስታጥቃለች፤ ታዲያ ራሷን ኢራንን መምታት አይሻልም ወይ? የአክስቴ ልጅ መልሱን ጨርሶታል። "እባብ ሲመታ ጭንቅላቱን ነው!"

አባቱ፣ ጋሼ፣ በርኖሳቸውን እንደደረቡ ሰሙት። የኦጋዴን ዘማች ናቸው። "እኛም እኮ አስታጥቀናል፣ ልጄ" አሉት።

ልክ ናቸው። የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ በእኛ ላይ የተነሱትን ሲያስታጥቅ፣ ደርግም በፊናው በባሬ ላይ የሸፈቱትን ያስታጥቅ ነበር። በ1980 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው) ሁለቱ ይብቃን ብለው ተፈራረሙ። ደስ ይላል። ግን እኛ ያስታጠቅነውና በስምምነቱ መጠጊያ ሊያጣ የሆነው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ በዚያው ግንቦት ተጣድፎ ቡርኦና ሀርጌሳ ገባ። ባሬም የገዛ ከተማውን በአውሮፕላን ደበደበ። ስንቱ ሕዝብ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ወደ እኛ ድንበር ጎረፈ። ድጋፉ ሲቆም ታጣቂው መሣሪያውን ይጥላል ያለው ማነው?

ኤርትራስ? ታህሳስ 2002 አልሸባብን ትረዳለች ተብላ የተመድ ማዕቀብ ተጣለባት። በኋላ የተመድ ተቆጣጣሪዎች ራሳቸው ለዓመታት ማስረጃ አላገኘንም እያሉ ጻፉ። ማዕቀቡ የተነሳው ግን ኅዳር 2011 ነው። በመሀል፣ ጥር 2004፣ ኤርታሌ ላይ 5 የውጭ ጎብኚዎች ተገደሉ። መንግሥታችን የአስመራ እጅ አለበት አለ። መጋቢት ላይ ጦራችን ድንበር ተሻግሮ የታጣቂ ማሠልጠኛ ናቸው ያላቸውን ካምፖች መታ። አስመራ አጸፋ አልመለሰችም። ፍጥጫው ግን እስከ 2010 ያው ነበር።

የኢራኑ ክስ ይጠነክራል፤ አልክድም። የተመድ ባለሙያዎች የሚሳይልና የድሮን ስብርባሪ ሳይቀር መርምረው የኢራን ሥራ መሆኑን የሚያመለክት ነገር አግኝተዋል። ቢሆንም ሁቲዎች በ2007 ሰንዓን ሲይዙ የየመን ጦር መሣሪያም እጃቸው ገብቷል። ቴህራን ብትጋይ ያ አይጠፋም።

"ታዲያ እጃቸውን አጣጥፈው ይዩ?" አለ የአክስቴ ልጅ።

"መንገዱን ይዝጉ" አሉ ጋሼ። "መርከቡን ይያዙ፣ ይፈትሹ።"

ባሕር ላይ መሣሪያ የጫነ ጀልባ ስንቴ ተይዟል፤ ዘዴው አለ። አዝጋሚ ነው እንጂ። እኔ ወደ ጋሼ አዘነብላለሁ። የአክስቴ ልጅ ግን አልተዋጠለትም። "ጀልባ እያሳደዱ ሊኖሩ ነው?" ብሎ ነገሩን እንደ አዲስ ጀመረው።